የመጨረሻው ቤት ነዋሪ

ውድ ፈርናን፣

ለሟቹ ባሌ ለኦገስት እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ የሕዝብ ቆጠራው ጊዜ ወደ አባትህ ቤት አልወጣሁም።

መንደራችን ያኔ ስድሳ ሦስት ሰው ነበራት፤ ግማሹ ወንዙ ዳር፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ። ከሁሉም ቤቶች ሽቅብ፣ የላሞቹ መንገድ ተራራው ላይ በሚያልቅበት፣ የአባትህ ቤት ብቻውን ነበር። ከንቲባው ቆጣሪ ያደረገኝ ማንበብ ስለምወድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀረኝ የእሱ ቤት ብቻ ነበር። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። በወር አንዴ የምትመጣው የመጻሕፍት መኪና ደግሞ አደባባዩ ላይ ቆማለች። ድልድዩ ላይ ሆኜ ቅጹን ሞላሁት፦ ነዋሪ፣ አንድ። ከዚያ ልብ ወለድ ልዋስ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ፖስተኛው አባትህን ምድጃው ሥር ወድቆ፣ ሞቶ አገኘው። ሐኪሙ ከብርዱ የተነሳ የሞተበትን ቀን መለየት አልቻለም። አንተ፣ "ረቡዕ አንኳኩቼ አልከፈተልኝም፤ እንደ ልማዱ ያኮረፈ መስሎኝ ተመለስኩ" አልክ። ከንቲባው ወደ እኔ ዞረ።

"ሐሙስ አግኝተሽዋል አይደል፣ ኤርማንስ?"

"አዎ። ተቀምጦ ነበር። ደህና ነበር።"

ዓርብ በረዶ ጥሎ ስለነበር ዱካ የሚባል አልቀረም፤ የአንተም፣ ያልነበረው የእኔም።

እሑድ መጠጥ ቤት ውስጥ ቀልደኛው ባርናቤ ብርጭቆውን አነሳ። "ጉድ እኮ ነው! ለቆጣሪዋ የተከፈተ በር ለልጅ ተዘጋ? በሩ ሰው ይመርጣል በለና!"

ሁሉም ሳቁብህ።

"ወጥቼ አንኳኩቻለሁ! በእናቴ እምላለሁ!"

"እናትህን ተዋት፣ እሷ እንኳ ትትረፍ!"

እህትህ ኦዴት አልሳቀችም። "ውሸታም። አባቴን ጥለኸው ሞተ። ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም" አለችህ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ላሞችህን ሸጠህ ሊዮን ከተማ ገባህ። እኔን ከንቲባው "አንድም ቤት ያልዘለለች" ብሎ አመሰገነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአዲስ ዓመት ካርድ ላኩልህ፤ የምጽፍልህ ስለ አየሩ ነበር።

ሐሙስ ብወጣ በሕይወት አገኘው እንደነበር አላውቅም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ከአንተ የወሰድኩት ይበቃኛል።

እንዳልዋሸህ አንተ ታውቃለህ፤ ለዚህ የእኔ ወረቀት አያስፈልግህም። ስለዚህ የጻፍኩት ለአንተ ቢሆንም፣ ነገ ጠዋት በእጄ ወስጄ የምሰጠው ለእህትህ ለኦዴት ነው።

ኤርማንስ