ስለ ባለቤቴ ሱሪና ስለ ክቡር ጄኔራሉ ወዳጆች

ለክቡር ጄኔራል ሙሙኒ ዳንጎሬ፣
የአገር መሪና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ በወንዙ ዳር ያለነው፣ ከመብራቱ መጥፋትና ከማሽላው መወደድ በቀር ደህና ነን። ሐምሳቱ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ቃል ብስት ይቅር ይበሉኝ።

1ኛ. በየዓመቱ ለነጻነት በዓል፣ የእርስዎና የወዳጅዎ ምስል የታተመበትን ጨርቅ ገዝተን እንድንለብስ ስለሚያስቡልን አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ከፕሬዚዳንቱ ኋላ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንቱ ታስረው፣ እርስዎና ኮሎኔል ሂማ ተቃቅፋችሁ ወጣችሁ። ዘንድሮ ደግሞ ኮሎኔሉ ከሃዲ ተብለው ወደ ሰሜን ሸሹና፣ እርስዎ አምና ያባረሯቸውን የውጭ አማካሪዎች እጅ ጨብጠው ወጡ። እኛማ ለምደነዋል፤ ጨርቁ አንዴ እንኳ ሳይታጠብ ፊቱ ይቀየራል።

2ኛ. ባለቤቴ ሴይኒ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ከተቃቀፋችሁበት ጨርቅ ሱሪ ስሰፋለት ጨርቁ አጠረኝና የኮሎኔሉ ፊት መቀመጫው ላይ ዋለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔ ኮሎኔሉ ወንድምዎ ስለነበሩ፣ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ «አንተ ሰውዬ፣ መሪ ላይ ትቀመጣለህ?» ብለው ሦስት ቀን አሰሩት።

3ኛ. ባለፈው ወር እኚያው አዛዥ ያንኑ ሱሪ አይተው «የከሃዲ ፎቶ ይዘህ ትዞራለህ?» አሉት። ሴይኒ ደግሞ ምላሱ አያርፍም፣ «ጌታዬ፣ መች ያዝኩት፣ እየተቀመጥኩበት እኮ ነው» ቢል ማን ይስማው። ይኸው ሃያ ስድስት ቀኑ። ስንቅ ሳቀብል ሲያስል ይሰማኛል። ጠባቂውን «ልጄ፣ መቼ ይሆን የሚፈታው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እናቴ፣ እሱን ጄኔራሉ ናቸው የሚያውቁት» አለኝ። እኔም ስለዚህ ጻፍኩ። ለመቆጣት እንኳ ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ባሌን ብቻ ይፍቱልኝ።

ወዳጅዎ ቢያንስ እስከ ቀጣዩ ኅትመት እንዲቆይልዎ ከልብ የምትመኝ፣
ሁሉንም ጨርቅ የገዛች ታማኝ ዜጋዎ፣
ሐምሳቱ ሴይዱ፣ ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው፣ ከኮሎኔሉ ጋር መታረቅዎን ሬዲዮው ተናገረ። እንኳን ደስ ያለዎ። ወደ ጣቢያው ሮጬ ብሄድ፣ አዛዡ «የከሃዲ ፎቶ መያዙ ቀርቶለታል፤ መሪ ላይ መቀመጡ ግን ተመልሶ መጥቷል» አሉኝ። በጠባችሁና በእርቃችሁ መካከል ባሌ ንጹሕ የሚሆንባት ሰዓት ካለች ትነገረኝ፤ ልሙጥ ሱሪ ይዤ በሩ ላይ እጠብቃለሁ።