ያልተጠረገው ወለል

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የቭላዲቮስቶክ የባሕር ንፋስ ሳል ያመጣል ይላሉ፤ የአንገት ልብስሽን አትርሺ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እርጅና እንዳይመስልሽ፤ የምጽፍበት ጠረጴዛ አልቆም ብሎኝ ነው።

የሄድሽ ዕለት ታክሲው ደጅ ሆኖ ጡሩንባውን ሲነፋ፣ «ነይ፣ መንገዱ እንዲቃና ትንሽ እንቀመጥ» ብልሽ፣ «እማዬ፣ የአሮጊት ነገርሽን ተይው፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው!» አልሽኝ። ብቻዬን ተቀመጥኩ። አያትሽ እንኳ ገበያ ስትሄድ ሳትቀመጥ ወጥታ አታውቅም። ከመስታወቱ እስከ በሩ የጫማሽ ጭቃ ቀረ።

መንገደኛ ሳይደርስ ወለል አይጠረግም። ብትስቂብኝም መጥረጊያውን ደበቅኩት። አሁን ኦምስክ ደረሰች፣ አሁን ቺታ ናት እያልኩ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም፤ ሰካራሙን፣ ሻይ ውስጥ መድኃኒት የሚጨምረውን፣ ጣቢያ ላይ «ነይ ላድርስሽ» የሚለውን ባለመኪና። ለገንዘብሽ ኪስ የሰፋሁበትን ሹራብ እንኳ አልጋሽ ላይ ጥለሽው ሄደሻል። ጎኑን ተርትሬ አሰፋሁት፤ አሁን ለእኔ ልክክ ብሏል።

ከዚያ «ደረስኩ» የሚል መልእክትሽ መጣ። አንዲት ቃል ብቻ። ስደውል ደግሞ አታነሺም። ጎረቤታችን ሪማ ወለሉን አይታ ጮኸች። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ ደርሳ የለም እንዴ? ምነው ቤቱን ጋጣ አስመሰልሽው?» ስትለኝ፣ «ለራሷ ደረሰች እንጂ ለእኔ መች ደረሰች» አልኳት። «እንግዲያው አንቺ ሂጂያ!» አለችኝ። «አብደሻል? ብቻዬን? በዚያ ሁሉ መንገድ?» ብዬ ጮኽኩባት። አንቺን ስከለክል ያልኩሽን ቃል በቃል ደገምኩት።

ልጄ፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ሳትቀመጪ በመሄድሽ ተቀይሜ ነበር፤ ቅያሜው አለፈ፣ ናፍቆቱ ግን አላልፍ አለ።

ይህን ስጽፍልሽ ፊት ለፊቴ ክንዱን ሙሉ የተነቀሰ ግዙፍ ሰውዬ ተቀምጧል። «እማማ፣ ብቻዎን ነዎት እንዴ?» ሲለኝ አንቺን ያስተማርኩሽን ውሸት ዋሸሁት፤ ባሌ ቀጣዩ ፉርጎ ላይ ነው አልኩት። እሱም የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ፣ «ታዲያ ይጥሯቸው እንጂ፣ እንቁላሉ ለሁላችን ይበቃል» አይለኝም! በሳቅ ሞትኩ። እንቁላሉን በላሁ፣ ሻዩንም ጠጣሁለት። እናትሽ ከማታውቀው ሰው እጅ ሻይ ጠጣች፤ ይኸው ደህና ናት።

የቤቱ ቁልፍ ሪማ ጋ ነው። ከመውጣቴ በፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እስክደውልላት ድረስም መጥረጊያ እንዳትነካ አስምያታለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፣ ደግ ሰው አያሳጣሽ። ፖስታው ቴምብር የለውም ብለሽ አትገረሚ፤ በበሩ ሥር ነው የማሾልከው። አንብበሽ እስክትጨርሺ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ልትከፍቺልኝ ከወደድሽ ደግሞ፣ አደራ፣ «ማነው?» ሳትዪ እንዳትከፍቺ።

እናትሽ