የሳልሞኖቹ ቦታ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ብርድ። በርገር ሽትራሰ ወርጄ ዳቦ ገዛሁ። ሻጯ «እንደ ሁልጊዜው?» አለች። አዎ አልኩ። ከዚህ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። ጥሩ ወዳጅነት ነው።

ከሰዓት የድሮ ወዳጄ ጸሃየ መጣ፣ ከሪደርቫልድ እኔ ያለሁበት ቦርንሃይም ድረስ በእግሩ። እዚህ ጀርመን ሠላሳ ዓመት ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አይሳፈርም። «በቃኝ እህቴ፣ ቆሜም ተቀምጬም ጠገብኩት» ይላል። ሻይ ጠጣ፣ ጋዜጣዬን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ገና አላነበብኩትም ነበር።

ማታ ላይ ፀሎት ደወለች። እድገት አግኝታለች። ኦስትኤንድ ሠፈር ያለው ሽቲፍቱንግ… ከሀብታም ለምኖ ወንዝ የሚያድነው በጎ አድራጎት ድርጅት… «የነባር ሕዝቦች አጋርነት መሪ» አድርጓታል። አስደገምኳት።

«የምትመሪው ማንን ነው?»

«ሰው አይደለም እማዬ፣ ፓርትነርሻፍቱን፣ አጋርነቱን ነው።»

«አጋሮች ከሆናችሁ መሪ ለምን አስፈለገ?»

«ደስ አይልሽም?»

ደስ ይለኛል አልኩ። ልጄ ናት። እኔ አርታኢ ሆኜ ቢሆን ግን ያ ማዕረግ ገጽ ላይ አይወጣም ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የሽቲፍቱንጉን መጽሔት አነበብኩ። ሳልሞን ከባሕር ተነሥቶ የተወለደበትን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ አብዛኛው እዚያው ይሞታል። መጽሔቱ ይህን «ወደ ቤት መመለስ» ይለዋል። መሞቱን ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል አድርጎታል።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቅበላ። ፀሎት መጣች። ሥጋውን በደንብ በላች፤ ነገ እንደማትጾም ሁለታችንም እናውቃለን፣ አላነሣነውም።

ሥራውን አስረዳችኝ። ሰሜን ኖርዌይ አንድ ወንዝ አለ። የአገሩ ነባሮች ሳሚዎች ከጥንት ጀምሮ ሳልሞን ሲያሰግሩበት ኖረዋል። አሁን ዓሣው ሊያልቅ ነው። ከሰማንያ ዓመት በፊት ግንድ በውኃ የሚያጓጉዙ ነጋዴዎች በእንጨትና በድንጋይ ግድብ ሠሩ፤ ነጋዴዎቹ ሄዱ፣ ግድቡ ቀረ። ዓሣው ማለፊያ የለውም። ሽቲፍቱንጉ ያንን ለማፍረስ ቃል ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው።

ባለፈው መስከረም ኢንጋ የምትባል አሮጊት ፀሎትን በጀልባ ወስዳ የቀሩት ሳልሞኖች እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ አሳየቻት። ለውጭ ሰው ሲያሳዩ የመጀመሪያቸው ነው። ፎቶ የለም፣ ካርታ የለም፣ ለማንም መንገር የለም። ቦታው ከታወቀ መንጠቆ ተከትሎ ይመጣል። ፀሎት ቃል ገባች።

«ይሄ ቃል ለስንት ጊዜ የሚያገለግል ነው?» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ድርጅትሽ ዓመታዊ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርት ደግሞ ሥዕል ይፈልጋል።»

«ኦህ ማማ፣ ቢተ!» አለች። ስትናደድ ጀርመን ትሆናለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ኢንጋ ለሽቲፍቱንጉ የለጋሾች ምሽት ልትመጣ ነው። ሆቴል አልወድም ብላለች፤ እኔ ጋ ታርፋለች። ማን ወሰነ? ፀሎት። ማን አንሶላ ያጥባል? …

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ኢንጋ ገባች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከእኔ በአራት ትበልጣለች። ጀርመንኛዋን የለቀመችው ወደ ወንዟ ከሚመጡ ዓሣ አጥማጅ ቱሪስቶች ነው፤ «ስንት ኪሎ?» እና «አንድ ቢራ ጨምር» አጥርታ ትናገራለች። የቀረውን ቀስ እያልን እንግባባለን።

ሻንጣዋ ውስጥ ገና ያላለቀ መረብ አለ። ጫፉን ከወንበሬ እግር ጋር አሰረችና መቋጠር ጀመረች። አላስፈቀደችኝም። ወደድኳት።

ጸሃየ ሊያያት መጣ። «በዚህ መረብ ማንን ልታጠምድ ነው? ጡረተኛ ብቻ ነው ያለነው» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በጀርመንኛ ማይን ወንዝ ውስጥ በዓይኑ ያየውን ሳልሞን ተረከላት። እጆቹን ክንድ ተኩል ያህል ዘረጋ።

«ስንት ኪሎ?» አለችው።

እጆቹ ቀስ ብለው ተጠጋጉ። ሻዩን አነሣ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የለጋሾቹ ምሽት። ኦስትኤንድ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ። ሳልሞንን ለማዳን የተጠራ ሰው በር ላይ የሚቀበለው በምንድነው? በጭስ የታጠነ ሳልሞን፣ በትንንሽ ዳቦ ላይ። አስተናጋጁን ጠየቅሁት፣ የእርባታ ዓሣ ነው አለ፣ ያጽናናኝ መስሎት። ጾም ነው ብዬ አለፍኩ። ኢንጋ አንዷን አነሣች፣ ገልብጣ አየች፣ አሸተተች፣ ሳህኑ ላይ መለሰቻት። አስተናጋጁ ሳህኑን ይዞ የሚሄድበት ጠፋው።

የሽቲፍቱንጉ አለቃ ሄር ብሬመር ተናገረ። ረጅም፣ ደግ ፊት፣ ክራቫት የለውም፤ ክራቫት አለማሰሩ የታሰበበት ነው። «ከነባር አጋሮቻችን ብዙ ተምረናል» አለ። ምን እንደተማረ ጠበቅሁ። አልመጣም። ኢንጋን ወደ መድረክ ጠርቶ አንድ ባህላዊ ነገር እንድታሰማን ለመናት። ማይኩን ተቀበለች።

«ግድቡን መቼ ታፈርሳላችሁ?»

ሳቅ፣ ጭብጨባ። ቀልድ መሰላቸው።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ሳልሞኖቹ እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ውኃ ውስጥ ካሜራ ይገባል። ቀጥታ ስርጭት። እያንዳንዱ ለጋሽ ዓሣ መርጦ ስም ያወጣለታል። «ቦታውን ፍራው ፀሎት በሚገባ ታውቀዋለች» አለና እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። ሰው ሁሉ ዞረ። ፀሎት ብርጭቆ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሷም ገና አሁን ከእኛ እኩል ነው የሰማችው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ፀሎት በጠዋት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ኢንጋ መረቧን እየቋጠረች ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ካሜራው የት ነው የሚገባው?»

«እስካሁን የትም።»

«ጥሩ።»

ፀሎት ሁሉንም ዘረገፈችላት። ብሬመር ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይዞላታል፤ ቦታውን ካርታ ላይ አመልክታ ትመጣለች። ካልሆነ ትልቁ ለጋሽ ይወጣል፣ ግድቡ አይፈርስም፣ መሪነቱም ለሌላ ይሰጣል።

«ግድቡ ካልፈረሰ ዓሦቹ ያልቃሉ» አለች ፀሎት። «እና… ምናልባት…»

«አይሆንም» አለች ኢንጋ። «ግድቡን ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ እናፈርሰዋለን። ቦታው ግን አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?» ከዚያ ማርማላታ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናት። ስንመለስ ፀሎት መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አላውቅም።»

እኔ አውቃለሁ። ትሰጣለች። አሥር ዓመት እዚያ ቤት የሠራ ሰው እምቢ የሚባለውን ቃል ይረሳል። በአንድ ጊዜ አትሰጥም፣ አላማትም። መጀመሪያ «አማራጭ እንፈልግ» ትላለች። ቀጥሎ «ግምታዊ ቦታ»። ከዚያ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ካሜራ። ደግሞም ለዓሣው ብላ ነው የምትሰጠው… ይኼ ነው የሚያናድደው። ምክንያቷ እንኳ የሚሰደብ አይደለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ብሬመር ራሱ መጣ። ቱሊፕ ይዞ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለበት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«እርስዎ ጋዜጠኛ ነበሩ» አለኝ። «ሕዝብ የማወቅ መብት እንዳለው ከእርስዎ የተሻለ ማን ይረዳል?»

«አለው» አልኩ። «ለምሳሌ ግድቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ለምን እንዳልፈረሰ።»

ቱሊፖቹን አየ። ነገሩ ውስብስብ ነው አለ። ብዙ ተቋማት፣ ብዙ ፈቃድ…

«ካሜራውስ ፈቃድ አይፈልግም?»

«ካሜራ ቀላል ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ።»

አንድ ባልደረባችን ድሮ ስለ አንድ ዋሻ የዱር ማር ማለፊያ ጽሑፍ እንደጻፈ ነገርኩት። መንገዱን ጭምር። ወሩ ሳያልቅ ንብም ማርም አልነበረም፤ ጭሱ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ በጣም አሳዛኝ ነው አለ። ዋሻው የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ይህን ከራሴ ፈጥሬ አይደለም። ጠየቀኝ።

በር ላይ፣ «ልጅዎ የምትሰማው እርስዎን ነው፣ ያነጋግሯት» አለ። መረጃው የተሳሳተ መሆኑን ነግሬው በሩን ዘጋሁ።

ለፀሎት አልደወልኩም። ምን እላታለሁ? እንዳትሰጪ ብላት የእኔ እምቢታ ይሆናል። ዝም ብላት…

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ፀሎት በላች፣ ጸሃየ በላ፣ እኔ በላሁ። ስለ ዓሣ አንድም ቃል አልተነሣም። ጸሃየ አንዴ አፉን ሊከፍት ሲል በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ከሰዓት ደወለች። ድምፅዋ ተራ ነው፣ ሽንኩርት ልግዛ ወይ የምትል ይመስላል።

«ቴርሚኑ አለቀ። ካርታውን ሰጠሁት።»

ልቤ ወረደ። ያሰብኩት ሲሆን ሊወርድ አይገባውም ነበር።

«ካርታው ላይ ወንዙን በሙሉ ቀለም ቀባሁት እማዬ። ከምንጩ እስከ ባሕሩ። ‹ዓሦቹ እዚህ ነው ያሉት› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ቀይ ሆነ። ከዚያ በጨዋ አነጋገር ቢሮዬን እንድለቅ ነገረኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ መሪ አለ።»

«አንቺስ?»

«ኩንዲጉንጉ፣ የስንብት ደብዳቤው፣ በፖስታ ይመጣል። እራት ምን አለሽ?»

የመጋቢት 5ቱን ገልጬ አነበብኩ። በጋዜጣ ደንብ እንዲህ ይጻፋል፦

እርማት። በመጋቢት 5 «ትሰጣለች» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ነው። ምንጯ «አላውቅም» ብትልም ጸሐፊዋ በግምት ጽፋለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ጸሃየ፣ «ለዓሣ ብላ ሥራ ለቀቀች?» አለ። ለቃሏ ነው አልኩት። አሰበበት። «ለዓሣ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ዓሣ ይበላል» አለ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ «ጎበዝ ልጅ ናት» አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ስርጭቱ ተጀመረ። አዲሱ መሪ ጢማም ጎረምሳ ነው። ሳሚዎቹ ቡና አጠጥተው፣ ስለ አየሩ አጫውተው መልሰውታል። እሱም ፏፏቴ ያለበት ያማረ ቦታ መርጦ ካሜራውን ከተተ። ዓሣው እንቁላል የሚጥለው በመስከረም ነው፤ የሽቲፍቱንጉ ሪፖርት ግን የሚወጣው በሰኔ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ባዶ ውኃ ይተላለፋል፣ ለጋሾች ስም ያወጣሉ። ለምኑ? አልተገለጸም።

ጸሃየ ታብሌቱን ይዞ እኔ ቤት ያያል። «ቆይ ቆይ! አለፈ! አየሽ?»

ቅጠል ነበር።

ኢንጋ ደውላ ነበር። ትልቁ ለጋሽ ገንዘቡን ለካሜራው አውሎታል፣ ለግድቡ የሚሰጠው የለም። የግድቡ እንጨት ግን በስብሷል። የመንደሩ ሰዎች ከመንግሥታቸው ፈቃድ አግኝተዋል፤ በእነሱ በጋ፣ በሐምሌ፣ ውኃው ሲጎድል በእጃቸው ሊያፈርሱት ነው። ክንድ ያለው ይምጣ ብላለች።

ፀሎት ጓንት ገዝታለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ፀሎትን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋት። እስከ መስከረም መጨረሻ ትቆያለች፤ ግድቡን ሊያፈርሱ፣ ከዚያ ዓሦቹ ሲመጡ ሊያዩ። ደመወዝ የለም፣ ማዕረግ የለም። ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔም የቦታውን ነገር ላወጣጣት ጊዜ ነበረኝ።

መጀመሪያ ዝም አልኩ። ሰው ዝምታ ይከብደዋል፤ ሊሞላው ሲል ያልተጠየቀውን ይናገራል። እሷ ሙዝ አውጥታ በላች።

ቀጥሎ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ፣ እንድታርመኝ። «ቦታው ከትንሿ ደሴት ጀርባ ነው ያልሽኝ፣ አይደል?»

«ብዬሻለሁ?»

ሦስተኛው የማያውቁትን እንደሚያውቁ መስሎ መቅረብ ነው። በዚህ ሚኒስትር አናግሬያለሁ። «ኢንጋ እኮ እዚህ ሳለች ነግራኛለች።»

«እንግዲያው ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ሳቀች። በአማርኛ።

መጨረሻ ላይ ዘዴ አልቆብኝ በቀጥታ ጠየቅኋት። «ለእናትሽም?»

«ለእናቴም።»

ሻንጣዋን አነሣች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ፍተሻውን አለፈች። ዞራ እጇን አወዛወዘች፣ ከዚያ አልታየችም።

በኤስ-ባን ባቡር ስመለስ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት ደጋግማ አየችኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር መሰለኝ። አርባ ዓመት ከሰው አፍ ነገር ሳወጣ ኖሬ… አንድ ቃል አላገኘሁም።

ቦታው ደህና ሰው ዘንድ ነው።