የመስኮብ ብር እና አንድ ጣሳ አመድ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፩

ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ዛሬም አርፍዶ ገባ። ቲኬት ቆረጥኩ፣ ስድብ ሰማሁ፣ ምሳዬን ቆሜ በላሁ። ሌላ ምን አለ? አዎ… ሙሴ ፓቬል አንድ ወረቀት አወጣልኝ።

ሙሴ ፓቬል የአዳማ ጣቢያን የውኃ መሳቢያ የሚጠግን መስኮብ፣ የሩስያ ሰው ነው። አገሩ ንጉሡን ካወረደ በኋላ፣ ጦር ይዞ የተነሣ ሁሉ የየራሱን የወረቀት ብር ያሳትም ነበር ይላል። ዛሬ አንዱም ዳቦ አይገዛም። እሱ ሻንጣ ሙሉ ይዞ ተሰደደ፣ እኔ ደግሞ እየለመንኩ አንድ በአንድ እወስድበታለሁ። የዛሬው ትልቅ ደወል የተሣለበት ነው። አንድ ጠገራ ብር ሰጠሁት። አሥራ ሰባተኛዬ።

ጎረቤቴ መሐመድዘይን ከአቡጀዲ ሱቁ ብቅ ብሎ አየና ሳቀብኝ። "ወላሂ ኃይለየሱስ፣ ይኼ እኮ በርበሬ እንኳ አይጠቀልልም!"

ልክ ነው። ለካሁት… አይጠቀልልም።

ጥቅምት ፲፱

አረጋሽ ከአክስቷ ከወይዘሮ ተሻለች ጋር በጣቢያው አለፈች። ከመስቀል ጀምሮ አዳማ ናት። አባቷ አቶ መርዳሳ የመቂ ቆዳ ነጋዴ ናቸው።

"ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?" አለችኝ። ባቡሩ ፊቷ ቆሟል። እኔም "ነገ" አልኳት።

ምን ነካኝ?

ኅዳር ፫

ወይዘሮ ተሻለች ቤት ተጠራሁ። አረጋሽ "እስቲ ያን የሚስቁብህን ወረቀት አምጣ" ብላ ኖሮ የብስኩት ሣጥኔን ይዤ ሄድኩ። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። እያንዳንዱን በጠርዙ ብቻ ይዛ፣ ወደ ብርሃን አዙራ፣ እፍ ብላ አቧራውን አራግፋ መለሰችልኝ። ወረቀት እንዲህ መያዝ ማን አስተማራት?

እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር ፲

አረጋሽ ወደ መቂ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። መምሬ ሐዲስና ሁለት ሽማግሌዎችም ሊጠይቁልኝ ተከትለው ሄዱ። በቅሎ የተከራየሁት እኔ፣ ስንቅ ያዘጋጀሁት እኔ፣ ቤት የቀረሁትም እኔ።

ኅዳር ፲፮

ተመለሱ። መምሬ ሐዲስ ሳይስቁ ለመናገር ሲታገሉ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል።

"ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራም አለው ብለዋል። ግን ጠገራ ብር ሰጥቶ የሞተ ወረቀት ይገዛል አሉ፣ ልጄን ለእብድ አልሰጥም ብለዋል።"

"በቃ?"

"አልበቃም። ልጄን ከፈለገ ያን ወረቀት ሁሉ ያቃጥልና አመዱን ይላክልኝ ብለዋል።"

አመዱን! ሰውየው ወረቀት ምን አድርጓቸው ይሆን? የባንኩን የወረቀት ብር እንኳ በእጃቸው አይነኩም አሉ።

ኅዳር ፲፯

አላቃጥልም።

ኅዳር ፲፰

አቃጥላለሁ። ወረቀት ነው እኮ።

ኅዳር ፲፱

ክብሪት ገዛሁ። ደወሉን አየሁና ክብሪቱን ለወይዘሮ ተሻለች ምድጃ ሰጠሁ።

ኅዳር ፳፪

መሐመድዘይን መከረኝ። ምክር ከተባለ…

"አንተ፣ አመድ ስም አለው እንዴ? የፈለግኸውን ወረቀት አቃጥልና ላክላቸው።"

ጣቢያው ሊጥለው ያስቀመጠው ያረጀ ቲኬትና የቴሌግራም ወረቀት ነበር። ከውኃ መሳቢያው ጀርባ አቃጠልኩት። ሙሴ ፓቬል የመርመላታ ጣሳ ሰጠኝና አመዱን ሞላሁበት። ለምን እንደሆነ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኋላ ግን "የእኔ አገር ሰዎች እውነተኛውን አቃጠሉ" አለኝ።

መምሬ ሐዲስ ጣሳውን በአደራ ወሰዱ። እሳቸው አያውቁም። እውነተኛው ሣጥን ከአልጋዬ ሥር ነው።

ታኅሣሥ ፬

አመዱ ደረሰ። አቶ መርዳሳ "እሺ" አሉ! ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። መሐመድዘይን ሱቁን ዘግቶ ዘፈነ።

እኔስ? ደስ ብሎኛል። ግን ለአማቴ የሰጠሁት የመጀመሪያ ነገር ውሸት ነው። አፍራለሁ።

ታኅሣሥ ፲፩

አቶ መርዳሳ ቤቴ መጡ! ቆዳቸውን የሚጭኑት ሞጆ ነው፣ አዳማ ድረስ ምን አመጣቸው? "አከም ጅርቱ" ብዬ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠይቄ ተነሣሁ። "ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው" ብለው አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። በትክክል ከሣጥኑ በላይ።

ስለ ዝናብ ጠየቁኝ። ስለ ባቡር ጠየቁኝ። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ።

"አንድ የማውቀው ሰው አለ…"

"እሺ አባቴ።"

"ይኼ ሰው ከሰባት ዓመት በፊት ሁለት በቅሎ ለአንድ ፈረንጅ ሸጠ። ፈረንጁን የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያማትብ አይቶ አመነው። ፈረንጁም ይኼን ሰጠው።"

ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ነገር አወጡ። ዘረጉት። አምላኬ! ሁለት ራስ ያለው ንስር የታተመባቸው ትንንሽ ብሮች፣ አርባ፣ እርስ በርሳቸው ሳይቆረጡ እንደተያያዙ… ሙሴ ፓቬል በአፉ ብቻ የሚነግረኝ፣ እሱ ራሱ የሌለው።

"ሰውየው ሙሉ ጣቃ ብር ያገኘ መስሎት ነበር። አዲስ አበባ ባንክ ወስዶ ተሳቀበት። ለሚስቱ በቅሎዎቹን ሽፍታ ወሰዳቸው ብሎ ነው የነገራት።"

"ምስኪን ሰውየ" አልኩ።

"ምስኪን አይደለም!" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ፈረንጁ እቤቱ የሠራው የውሸት ብር ነው ወይስ የእውነት ብር ነበር? አንተ ሁሉንም ባታቃጥለው ኖሮ… አስተያይተህ ትነግረኝ ነበር።"

"አቃጥያለሁ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አረጋሽ አለች፣ የተቆረጠ ቀን አለ፣ ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ዓይናቸውን አየሁት። ሰባት ዓመት የተሸከሙት ነገር ነው።

"ይነሡልኝ አባቴ" አልኩና ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ሳብኩ።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ የዚያው ዓይነት ነው፣ ተቆርጦ የወጣ። ከእሳቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ንስሩ ያው፣ መሥመሩ ያው።

"የእውነት ብር ነው። ገንዘቡ ነው የሞተው። ፈረንጁ መሞቱን ያውቅ አያውቅ እግዜር ይወቅ።"

በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሣጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ታዲያ እኔ ቤት ያለው አመድ የምንድን ነው?"

"የቲኬት።"

"ዋሽተኸኛል።"

"አዎ አባቴ።"

ብሮቹን አጣጠፉ፣ ጋቢያቸው ሥር ከተቱ፣ ደኅና ዋል ሳይሉ ወጡ።

ታኅሣሥ ፲፱

ከመቂ ወሬ የለም። ደወሉን አውጥቼ ላየው አልቻልኩም።

ታኅሣሥ ፳፭

ወሬ የለም። መሐመድዘይን እንኳ አይቀልድብኝም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ታኅሣሥ ፴

ከአቶ መርዳሳ መልእክተኛ መጣ። "ሠርጉ እንዳለ ነው። ስለዚያ ሰውየ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።"

አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። የትኛው ሰውየ? እኔ አንድም ሰውየ አላውቅም!

የካቲት ፭

ከተጋባን ሦስት ሳምንት ሆነን። ዛሬ አረጋሽ የቀረ ዕቃዋን ስታወጣ ያ የመርመላታ ጣሳ ከመሃል ወጣ። ከፈትኩት። አርባዎቹ ብሮች፣ ሳይቆረጡ፣ ታጥፈው፣ ጠርዛቸው አመድ ነክቶት።

"አባዬ ለሰውየው ወዳጅ ስጪው ብሎኛል" አለች። "ሰውየው ማን እንደሆነ እኔ የማላውቅ መስሎት።"

"ታውቂያለሽ?"

"ከቆዳው መጋዘን ጣሪያ፣ ከሣሩ ሥር ነበር የሚደብቀው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አውርጄ፣ ብሉን አራግፌ፣ በእጥፋቱ እመልሰው ነበር። እናቴም ታውቃለች። አባዬን ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀው?"

እንግዲህ የእኔም ተራ ነው ብዬ ስለ አመዱ መናገር ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ጥፍር የምታክል ሳትቃጠል የቀረች የወረቀት ቁራጭ አወጣች። ግማሽ ማኅተም አለባት፣ የምድር ባቡሩ።

"ጣሳው የደረሰ ቀን መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይቺ ከላይ ነበረች። አባዬ ይኼን ማኅተም በየቆዳው የጭነት ወረቀት ላይ ያየዋል። ቶሎ አነሣኋት።"

ያኔ ገና እጮኛዬ እንኳ አልነበረችም።

"ታዲያ ለምን አልጣልሻትም?"

"ወረቀት የምትሰበስበው አንተ ብቻ ነህ እንዴ?"

ቁራጯን ሣጥኑ ውስጥ ከደወሉ ብር በላይ አስቀመጥኳት። ሣጥኑን እንደ ልማዴ ወደ አልጋው ሥር ስገፋ "እዚያ ብል ይበዛል" አለችኝ። ወስዳ መደርደሪያው ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አኖረችው።

እሑድ አቶ መርዳሳ ምሳ ይመጣሉ። ሣጥኑ እዚያው ነው።