አባትሽ ከከተማዋ ጋር ታረቀ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ ልጄ። እንዴት ነሽልኝ? ብርዱ በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? እኔ ከእግሬ ማበጥ በቀር ደህና ነኝ፤ አባትሽም ይበላል፣ ይስቃል።

በላክሽልን ትኬት ያቺን ስመ ጥር ከተማ እንደገና አይተናት መጣን። አባትሽ ያኔ እንዴት ተጣልቷት እንደተመለሰ ታውቂያለሽ። የአደባባዩ ትልቁ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢያገኘው፣ «ሰዓቷን ማስተካከል ያቃታት ከተማ ምን ከተማ ናት!» እያለ ስንት ዓመት ስሟን ሲያጠፋ ኖረ። ሰዓት ሠሪ አይደል? እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ሲደግም መጨረሻውን እኛ እንቀድመው ነበር።

እንደ ጎብኚ ካሜራ አንግተን አደባባዩ ደረስን። ያ ሰዓት ዛሬም ወደ ኋላ እንደቀረ ነው! «በቃ፣ ሊጀምር ነው» ብዬ ክንዱን ያዝኩት። እሱ ግን አፉን ከፍቶ ሲያየው ቆየና፣ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በዚያ ሰዓት አስተካከለው። እኔ ክው! አባትሽ እኮ ነው ልጄ!

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዲህ የምታምር ከተማ እያለች እስከ ዛሬ ለምን አላመጣሽኝም?» አለኝ።

«ይኸው አመጣሁህ» አልኩት።

የእጅ ሰዓቱ አሁንም እንደዚያው ወደ ኋላ እንደቀረ ነው፤ በእሱ ቆጥሮ ለምሳ ሲዘገይ እኔም አብሬው እዘገያለሁ።

በይ፣ ጉንጭሽን ከሩቅ ስሜያለሁ፤ በደህና ያገናኘን። እሁድ ስትደውይለት ግን እንደ ልማድሽ «አባዬ» ብለሽ አትጀምሪ። ስምሽን አስቀድሚለት።

እናትሽ