ከኋላ ወንበር ያስተማሩት መምህርት ውባለም ዘመነ

መምህርት ውባለም ዘመነ ከአባታቸው ከአቶ ዘመነ እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዝመራ በጎንደር፣ አምቦበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው እንግዳ ነኝ። በችኮላ የተጻፈ ነውና የጎደለ ቢኖር ይቅር በሉኝ። ቁጣ የበዛበት ከመሰላችሁ ግን እሱ ሆን ተብሎ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አምቦበር፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ከተማ ተምረዋል። በ1981 የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሰው ደምቢያ ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደቡ። እኅቴ ያኔ አጭርና ቀጭን ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው መካከል በቁመትም በዕድሜም የሚበልጧቸው ነበሩ። ክፍሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ገበያ ሆነ። ጓዛቸውን ሸክፈው ሊመለሱ ሲሰናዱ፣ መምህር አካሉ የተባሉ አንጋፋ መምህር ማንም ሳይጠራቸው ገብተው መጨረሻው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ሽማግሌ ከኋላ ተቀምጦ ማን ይረብሻል! ክፍሉ ጸጥ አለ። ትምህርቱ ሲያልቅ መምህር አካሉ እኅቴን ውጭ ወስደው “አንደበትሽ ይባረክ፣ እጅሽ ይባረክ” ብለው መረቋቸው። ስሕተታቸውን የነገሯቸው ከምርቃቱ በኋላ ነው። ወር ሙሉ እንዲህ አደረጉ።

መምህርት ውባለም ያንን ወር ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። ጀማሪ መምህር ብቻውን አይተውም፣ ሳይመረቅም አይታረምም ይሉ ነበር። እኛ ቤት ይህ እንደ ሕግ ነበር።

በ1986 ከአቶ ገቴ ጋር በወግ በማዕረግ ተጋቡ። በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ባወጣው በዘመቻ ሰሎሞን ኢየሩሳሌም ገቡ፤ ያይርንና አቪአድንም እዚሁ ወለዱ። ጎንደር ያገኙት የምስክር ወረቀት እዚህ አልሠራም። ዐሥር ዓመት ያስተማሩ ሰው ሕፃናት እያጠቡ፣ ዕብራይስጥ እየተማሩ እንደገና ኮሌጅ ገቡ። በ1997 በዚህ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠሩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በዚህ አገር ጀማሪ መምህር የመጀመሪያውን ዓመት ስታጅ የሚባል የሙከራ ሥራ ይሠራል። የምትደግፈው አንጋፋ መምህርት ሖኔኼት ትባላለች። መምህርት ውባለም ሖኔኼት ልሁን ብለው ስንት ጊዜ ጠየቁ! ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር፦ ዕብራይስጥሽ ገና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገና ነው! ልጆቹን ለማስተማር የበቃ ዕብራይስጥ አስተማሪዎቹን ለመደገፍ እንዴት እንዳልበቃ እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ ሰው አጥቻለሁ። እሳቸው ግን ማዕረጉን አልጠበቁም። በዕረፍት ሰዓታቸው የሕፃን ወንበር እየሳቡ ከጀማሪዎቹ ክፍል ኋላ ይቀመጡ ነበር። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ልጆቹ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ከዚያ ውጭ ይወጡና ይመርቃሉ፤ ከዚያ ያርማሉ።

በ2021 ሃዳስ የምትባል የእኛው ማኅበረሰብ ልጅ ስታጅ ልትሠራ እዚያ ትምህርት ቤት ገባች። ተወልዳ ያደገችው እዚህ ነው። አባቷ ግን ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን አታፍጪበት ብሎ ነው ያሳደጋት። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዚቫ ሲያናግሯት አቀርቅራ ታዳምጣለች፤ ጨርሰው ዝም እስኪሉም አትናገርም። እሳቸው ምን ብለው ጻፉባት? “በራስ መተማመን የላትም፣ ክፍል መምራት አትችልም።” ስታጁን ከወደቀች የማስተማር ፈቃድ አታገኝም። የአራት ዓመት ትምህርቷ ውሃ በላው ማለት ነው።

እንግዲህ ፍረዱ! እኚሁ ሴት በየዓመቱ ለበዓላችን ለስግድ ተማሪዎቻቸውን በዓሉ ወደሚከበርበት አርሞን ሃናጺቭ ድረስ አሰልፈው ወስደው፣ ከቄሶቻችን ጋር ፎቶ እየተነሡ፣ “የኢትዮጵያውያን አክብሮት እንዴት ያምራል” የሚሉ ናቸው። አክብሮታችን ለፎቶ ሲሆን ያምራል፤ የልጃችን እንጀራ ላይ ሲሆን ያስወድቃል። ጉድ እኮ ነው!

መምህርት ውባለም ቢሮ ገብተው ነገሩን አስረዱ። “አንቺ ሖኔኼት አይደለሽም፣ ምን አገባሽ?” ተባሉ። ተቆጥተው ወጡ እንጂ ተስፋ ቆርጠው አልወጡም። ስታጁን ለሚወስኑት ሦስት ገምጋሚዎች ራሳቸው ደወሉ፦ “ቢሮ ውስጥ ያቀረቀረችውን ሰምታችኋል፣ ክፍል ውስጥ ቀና ያለችውን ደግሞ መጥታችሁ እዩ።” ሃዳስንም ጠርተው “አባትሽ አልተሳሳተም። እነሱ ስለማያውቁ ቀና በይላቸው፤ ቤትሽ ስትገቢ እንደ አባትሽ ሁኚ” አሏት። ገምጋሚዎቹ መጡ፤ እኅቴ ሦስቱንም የሕፃን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሃዳስ ልጆቹን አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ በስማቸው እየጠራች አስተማረች። አለፈችም።

ወይዘሮ ዚቫ ይህን አልረሱትም። ማንም መምህር በሌላ መምህር ክፍል እንዳይቀመጥ ከለከሉ። የኋላው ወንበር ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት የገቡት ሁለት ጀማሪዎች ለታኅሣሡ የሐኑካ በዓል እንኳ ሳይደርሱ ለቀቁ። አንደኛዋ መኪና ማቆሚያ በር ላይ እያለቀሰች እኅቴ አግኝተዋት፣ ያን ቀን ቤት ሲገቡ እህል አልቀመሱም። ክፍሏ ከእሳቸው ክፍል አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለየው።

በ2023 ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ገቴ ካረፉ ወዲህ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳም ባለበት ኢትዮጵያ መንገድ አጠገብ ነበር የሚኖሩት። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ጀማሪ መምህራን ከየትምህርት ቤቱ እየመጡ ከገዳሙ አጥር ሥር ይሰበሰቡላቸው ጀመር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ በገዳሙ ግቢ የሚያገለግሉት፣ ወንበር ያወጡላቸው ነበር። “ውባለም፣ ትምህርት ቤትሽን እኛ አጥር ላይ ተከልሽው እኮ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እግዜር ይስጣቸው። በጸሎት ባንገናኝም በቋንቋ አንድ ነን፤ ደጃቸውን አልነፈጉንም። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉበት ቤት ግን አንድ የሕፃን ወንበር ነፈጋቸው።

ባለፈው ክረምት የጣፊያ ሕመም ጸናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በሐምሌ ወር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ሰሞን ኤቲ የምትባል የጎረቤት ልጅ እዚያው የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ለስታጅ መመደቧን ሰሙ። ሃዳስ አሁን በሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ወልዳ ፈቃድ ላይ ነች። መምህርት ውባለም አልጋ ላይ ሆነው ወደ ወይዘሮ ዚቫ ደጋግመው ደወሉ፦ ሃዳስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከኤቲ ኋላ ትቀመጥላት። ደንቡ አይፈቅድም ተባሉ። ትንፋሽ አጥሯቸው የሚለምኑትን ሰው! እኔ ስልኩን ቀምቼ የማልናገረውን ልናገር ነበር፤ በእጃቸው ከለከሉኝ።

ከዚያ ሃዳስን አስጠርተው እኔ ባለሁበት አዘዟት። “የቀብሬ ቀን ትምህርት ከተከፈተ እኔን ተዪኝና ኤቲ ዘንድ ሂጂ።” ልጅቷ አለቀሰች። “እንዴት ብዬ? የእርስዎን ቀብር ቀርቼ ሰው ምን ይለኛል?” አለች። “ለሰው ወንድሜ እንግዳ ይመልስልሻል” አሉ። እኔ እንግዲህ እየመለስኩ ነው።

መምህርት ውባለም ዘመነ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው፣ እሑድ ኦገስት 31 ቀን 2025 ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ዛሬ ሰኞ፣ ትምህርት በሚከፈትበት ቀን፣ እነሆ እየቀበርናቸው ነው። ያይርና አቪአድ የተባሉ ወንዶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በየትምህርት ቤቱ ጠመኔ የያዙ ብዙ የመንፈስ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ዚቫ ደወሉልኝ። እዚህ መጥተው ስለ እኅቴ ንግግር ሊያደርጉ፣ የመምህራን ማረፊያውንም በስማቸው ሊሰይሙ አስበዋል። “ታላቅ ሖኔኼት ነበሩ” አሉኝ። በሕይወት እያሉ ያልሰጧቸውን ማዕረግ ለሬሳቸው! እኔም ንግግር አንፈልግም፣ ስያሜም አንፈልግም አልኳቸው። “ሃዳስ በራችሁ ላይ ቆማለች። ወንበሩን መልሱላት።” እሳቸውም “ትግባ” አሉ።

ወገኖቼ፣ ሃዳስን በዓይናችሁ የምትፈልጉ እንዳላችሁ አያለሁ። እናቷ የሃዳስን ሕፃን አዝላ እዚያ ቆማለች፤ እሷ የለችም። “ያን ያህል ደክመውላት ቀብራቸው ላይ እንኳ አልቆመችም” ብላችሁ እንዳታሟት። በዚህች ሰዓት ኤቲ ሰሌዳው ፊት ቆማ የተማሪዎቿን ስም እየጠራች ነው። ሃዳስም ከኋላ፣ የሕፃን ወንበር ላይ፣ ለቅሶዋን ተቀምጣለች።

የእስራኤል አምላክ የእኅቴን ነፍስ ከአባቶቻችን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ያሳርፍልን። እኛንም ሳንመርቅ ከማረም ይጠብቀን። አሜን።