የፈረሳችን ስም

ጥር 5
ብርድ። ጉም። እንደ ሁልጊዜው።

አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ቲቸር ደረሰ “ሆደ ሰፊ ማለት ምን ማለት ነው?” ሲሉ እጅሽን አንሺ ማን አለኝ! ከሁሉም ቀድሜ “ብዙ የሚበላ!” አልኩ። ስድስተኛ ለ በሙሉ በሳቅ ሞተ። ቲቸር ራሳቸው አፋቸውን በመሀረብ ያዙ። ታጋሽ፣ ሁሉን ቻይ ማለት ነው አሉ... ታዲያ ሆድ ምን አገባው? እኛ ቤት የሚወራው አገውኛ ነው። ማን ነግሮኝ ልወቅ?

የክፍላችን ልጅ ባምላክ እስከ ግቢው በር ድረስ “ሆደ ሰፊ! ሆደ ሰፊ!” እያለ ተከተለኝ። ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ አፌን አልከፍትም። አበቃ።

ጥር 7
ቲቸር የቤት ሥራ ሰጡ። አንድን ነገር በሌላ ነገር መስሎ ክፍል ፊት ቆሞ መናገር። ከአስር ይያዛል። ያልቆመ ዜሮ። የእኔ ተራ ጥር 25...
አልቆምም! ዜሮዬን ይዤ እቀመጣለሁ። እማዬ ግን ትገድለኛለች።

ጥር 9
አባዬ ከዳንግላ ፈረስ ገዝቶ መጣ!!! የድሮው ከሞተ ወዲህ በፈረሰኞች በዓል ከእግረኛው ጋር ቆሞ ሲያይ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ዘንድሮ ይጋልባል።

ስም ግን የለውም። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሰዎች አባዬን የሚጠሩት በፈረሱ ስም ስለሆነ ከበዓሉ በፊት መሰየም አለበት። “ስሜነሽ፣ አንቺ አውጪለት” አለኝ። እኔ!
“ዳማ” አልኩ፣ ቀለሙን አይቼ።
“ቀለሙንማ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ጠባዩን ጥሪልኝ።”

ጥር 13
“አንበሳ” አልኩ ዛሬ። እማዬ “ዶሮ የሚፈራ አንበሳ!” ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፣ ጠዋት ከዶሮ ሸሽቷል። አባዬ አኮረፈ።
ለዶሮዋ ስም ላውጣላት ይሆን እንዴ?

ጥር 16
አገኘሁ!
ጠዋት ጎንበስ ብዬ ገብስ ስሰፍር... ኮቴ የለ፣ ትንፋሽ የለ። ቀና ስል አፍንጫው ትከሻዬ ላይ! እንቅቡን አጋምሶታል። መቼ መጣ? “ጉም!” ብዬ ጮህኩ። ጉምስ እንዲህ አይደል? ሲመጣ አይሰማ፣ ስትነቂ ደጁን ሞልቶታል።

አባዬ ጢሙን እያሻሸ “አባ ጉም...” አለ። ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮክ ብሎ “አባ ጉም!” ወደደው!

ቆይ ቆይ... ፈረስ ጉም ከሆነ፣ ቲቸር “መስላችሁ ተናገሩ” ያሉት ይሄንኑ ነው እንዴ? ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። “አንጀቴን ይበላኝ ነበር” ብያለሁ። ማን በላው? ይኸው አለ! ለካ ስናገረው ነው የኖርኩት። ወይ እኔ...

ጥር 23
ዛሬ ለበዓሉ ከተማችን ቆሰበር በፈረስ ተጥለቀለቀች። ጓደኞቹ “አባ ጉም! አባ ጉም!” ሲሉት አባዬ ኮርቻው ላይ ወጣት ሆኖ ታየኝ። አለቀስኩ፣ በደስታ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ አጠገቤ ለቆሙት ሴትዮ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሰለቻቸው መሰለኝ።

ጥር 25
ተራዬ ደረሰ። ቆምኩ!
“ፈረሳችን ጉም ነው” አልኩ። ሳቁ። እኔ ግን ስለ ገብሱ፣ ስለ ትከሻዬ፣ ኮቴው እንዴት እንደማይሰማ ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ይሰማኝ ጀመር።
ቲቸር “ዘጠኝ!” አሉ።
“አንዷስ ቲቸር?”
“ፈረሱ በላት።”

ወደ ቦታዬ ስመለስ ባምላክ ከኋላ፣ “ሆደ ሰፊ!”
ዞር አልኩ። “አዎ፣ ነኝ። ባልሆንማ ይሄኔ በጥፊ ብዬህ ነበር!”
ክፍሉ በሳቅ ሞተ። አሁን ግን በእሱ።